በሬውን የሣሉት ሰው

ባለፈው ሰሞን በምሳ ሰዓት ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር ክርክር ገጥሜ ሻያችን ቀዘቀዘ፤ የክፍል መግቢያውም ሰዓት አለፈብን። የክርክሩ አርእስት ይህ ነበር፤ አንድ ሰው ሥራውን የወደደለትን ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛ ወይም ደራሲ ፈልጎ ቢወዳጀው ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ባልንጀራዬ ፍልስፍና የሚማር፣ በነገር የማይረታ ሰው ነው። «ማሩን ብላ፤ ከንቧ ጋር ምን አገናኘህ?» አለኝ። ሠሪውን ያወቅህ እንደሆነ፣ ወይ ሰውየው ከሥራው አንሶ ታገኘውና ታዝናለህ፤ ወይ ደግሞ ወዳጅ ትሆንና ሥራውን በትክክል መመዘን ያቅትሃል ባይ ነው። በዚያ ሰዓት ጥሩ መልስ አልመጣልኝም። ለእኔ መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ክርክሩ ካለፈ በኋላ፣ ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ የመጣልኝን በዚህች መጽሔታችን ላይ ማስፈር ግድ ሆነብኝ።

ቤታችን ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነው። ከታክሲው ወርጄ ወደ ሰፈሬ ስገባ አንድ ልኳንዳ ቤት አለ። በቆርቆሮ በሩ ላይ ቀይ በሬ ተሥሏል። ይህ በሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ያየኛል። «ያየኛል» ያልሁት ለማጋነን አይደለም። በሌሎቹ ልኳንዳ ቤቶች የሚሣሉት በሬዎች እግር ያወጣ ሥጋ ናቸው፤ ይህኛው ግን አንገቱን ወደ መንገዱ መልሶ፣ ምን እንደሚጠብቀው የገባው፣ ሆኖም በማንም ላይ ቂም ያልያዘ ይመስላል። እናቴ ሥጋ ስትልከኝ ዓይኑን ላለማየት ወደ መሬት እያየሁ እገባ ነበር። ሆኖም በአርትስ ፋኩልቲ ስለ ፈረንጅ ሠዓሊዎች ሁለት ዓመት ያህል እስካነብ ድረስ «ይህንንስ ማን ሣለው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ታፔላ እንደ እንጉዳይ በራሱ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር መሰለኝ።

አንድ ቀን ባለ ልኳንዳውን ጠየቅሁት። ቢላዋውን እንደ ያዘ ወደ ኋላ እያመለከተ፣ «ጋሼን ነው? እዚህ ናቸው እኮ!» አለኝ። በእውነትም እዚያው ነበሩ። ከቤታችን አምስት ደቂቃ እንኳ አያስኬድም። በግቢያቸው በር ፊት ለፊት ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ! (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ።)

የመጀመሪያው ጉብኝቴ የሚያሳፍር ነው። ስልኬን ይዤ ገባሁና፣ እጅ ነሥቼ ገና ሳልቀመጥ፣ ስለ በሬው ዓይን፣ ስለ ቀለሙ አጣጣል፣ ስለ ዘመናዊ ሥዕል ያነበብሁትን ሁሉ ዘረገፍሁባቸው። መሬት ላይ የተደረደሩትን የቀለም ቆርቆሮዎች፣ ብሩሾቹን፣ እጃቸውን ሳይቀር ሳላስፈቅድ ፎቶግራፍ አነሣሁ። እሳቸው በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «ልጄ፣ በሬውን ይህን ያህል ከወደድኸው የምታሠራኝ ታፔላ አለህ?» አሉኝ። የለኝም አልሁ። «እንግዲያው ሻይ ጠጣ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ያን ቀን ማታ ሠዓሊ ማግኘቴን ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። «አገኘሁ» ነበር ያልሁት፤ እንደ ጠፋ ዕቃ።

የጋሼ ጥያቄ ያሳሰበኝን አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ላንሣ። የኃይሉ መርጊያን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ላልሰማ ባጭሩ ልንገር (ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ኃይሉ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን እንግዳው ሌሊት ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ኃይሉም እዚያው ቀረ። በ1985 የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያም በዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ያዘ፤ ለብዙ ዓመታት ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ አመላለሰ። ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ከኋላው ተቀምጠው ከሄዱት ውስጥ ማን እንደሚነዳቸው የጠየቁ ስንት ይሆኑ?

ብራያን ሽምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያንን የ1985 ካሴት ገዛ። ሰማው፤ ወደደው፤ ሰውየውን አፈላልጎ ስልክ ደወለለት። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞች አወጣ።

ይህን ታሪክ ስናነሣ አንዳንድ ወንድሞች «ፈረንጅ ካልነገረን የራሳችንን አናውቅም» እያሉ ይቆጫሉ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ካሴቱ የተገኘው በባሕር ዳር ነው፤ ከኛ ሰው እጅ ነው የተገዛው። ሽምኮቪትዝ ከኛ የተሻለ ጆሮ ነበረው ብዬ አላምንም። ከኛ የለየው መደወሉ ነው። የደወለውም «አድናቂህ ነኝ» ብሎ ለመዝጋት አልነበረም፤ ሥራ ይዞ ነው። ጋሼ «ታፔላ አለህ?» ያሉኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔ ግን ዘግይቶ ገባኝ።

መገኘት ብቻውን ምን እንደሚሠራ ለማየት የጆርጂያውን የኒኮ ፒሮስማኒን ሕይወት መመልከት ይበቃል። እሱም እንደ ጋሼ ታፔላ ሠሪ ነበር፤ በትብሊሲ ለመጠጥ ቤቶች እየሣለ ብዙ ጊዜ ዋጋው ምግብና መጠጥ ነበር። በ1912 ወጣት ሠዓሊዎች አገኙት፤ በ1913 ሥዕሎቹ ሞስኮ ላይ ታዩ። በ1916 ደግሞ አንድ ጋዜጣ በካርቱን ተሳለቀበት። በ1918 በድህነት ሞተ፤ መቃብሩ እንኳ በውል አይታወቅም። ያገኙት ልጆች ክፉዎች አልነበሩም፤ ከልባቸው ወደውታል። ነገር ግን ሥዕሉ ሞስኮ ሲደርስ ሠዓሊው ከነበረበት ኑሮ አልወጣም።

እኔ ወደ ጋሼ ቤት ተመልሼ የሄድሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ስልኬን ከኪሴ አላወጣሁም። ያን ቀን የፀጉር አስተካካይ ታፔላ ይሠሩ ስለ ነበር ቆርቆሮውን ያዝ አሉኝና ያዝሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ነኝ። በመጽሐፍ ያላገኘሁትን እዚያ አየሁ። ለምሳሌ ጽሑፍ ሲጽፉ ከመጀመሪያው ፊደል አይጀምሩም፤ ፊደሎቹን ቆጥረው መካከለኛውን ቆርቆሮው መካከል ላይ በጠመኔ ያስቀምጡና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። አለዚያ «ቤት» የሚለው ቃል ጠርዝ ላይ ተጨናንቆ ይቀራል። (የተጨናነቁ ታፔላዎችን ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ እያየሁ መሳቅ አመል ሆኖብኛል።) የበሬውንም ዓይን ጠየቅኋቸው። «እሱ በሬ አይደለም፤ አባቴ የሸጠው የኛ በሬ ነው» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ወደ ባልንጀራዬ ልመለስ። ወዳጅነት ፍርድን ያጣምማል ላለው፣ በከፊል እውነት አለው። ጋሼን ካወቅሁ በኋላ በሬውን እንደ ቀድሞው ማየት አልችልም። ግን ደግሞ ባለፈው ወር የሠሩት የፀጉር ቤት ሥዕል ደካማ መሆኑን ፊት ለፊት ነገርኋቸው፤ ከአንድ ኳስ ተጫዋች ፎቶግራፍ የተገለበጠ ራስ ነበር። ሳቁና «ባለ ሱቁ ይህን ነው የፈለገው፤ አንተ ብትከፍል የምፈልገውን እሥል ነበር» አሉ። ሩቅ ቆሜ ሳደንቃቸው ይህን ልነግራቸው አልችልም ነበር፤ እሳቸውም ይህን አይመልሱልኝም ነበር። ሰውየው ከሥራው አንሶ ይገኛል ለሚለውም፣ ጋሼ ቁጡ ናቸው፤ ቀጠሮ አያከብሩም፤ ስለ ኳስ የሚያውቁት ነገር ሁሉ ስሕተት ነው። በሬው ግን አልቀነሰም።

ይልቅስ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በኛ ዘንድ ለሠዓሊ ፍቅር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1981 በስደት፣ በኦክላሆማ ሎውተን ከተማ ሞተ። ከጀርመን የተመለሱት ሥዕሎቹ ዛሬ በስድስት ኪሎ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይታያሉ፤ እኛም ገብተን እናደንቃለን፤ ማድነቃችንም ተገቢ ነው። ሻይ ግን ልንጋብዘው አንችልም። በየሰፈራችን የተቀመጡት ገና አሉ። ሥራቸው ግን እያነሰ ነው፤ በኮምፒውተር ታትሞ የሚወጣው ባነር በአንድ ቀን ይደርሳል፣ ዋጋውም ይረክሳል። በ18 ማዞሪያ ብቻ በዚህ ዓመት ሦስት የጋሼ ታፔላዎች ወርደው በባነር ተተክተዋል። አንዱን ከቆሻሻ ላይ አንሥቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለተማሪዎች ኅብረታችን አቀርባለሁ። በቢሯችን በር ላይ የተሰቀለው ባነር በፀሐይ ነጥቶ «የተማሪዎች» የሚለው ቃል ጠፍቶ «ኅብረት» ብቻ ቀርቷል። በሚቀጥለው ወር መለወጡ አይቀርም። ከማተሚያ ቤት ይልቅ ለጋሼ ይሰጥ። ዋጋውን ጠይቄያለሁ፤ ከባነሩ ይበልጣል፤ ይህን አልሸሽግም። በሬ አይሥሉልንም፤ ምን እንደሚሥሉ ግን ለሳቸው እንተወው። ቅዳሜ ስለምሄድ የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ እስከ ዓርብ ቢወስንልኝ መልካም ነው። ቆርቆሮውን የምይዘው እኔ ነኝ።