የቨርዥን ስም ቃል ነው፤ ቃል አይታጠፍም

ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከጫናችኋቸው አፖች አንዱን ብትከፍቱ፣ ገጹ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ «ቨርዥን 3.2.1» ዓይነት። አብዛኞቻችን ዞር ብለን አይተነው አናውቅም። አፑ ድንገት እየተዘጋ ሲያስቸግር ግን ነገሩ ይለወጣል። ጓደኛችሁን ስትጠይቁት «ለእኔ ይሰራል እኮ» ይላችኋል። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። የያዛችሁት አፕ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ቨርዥኑ ሊለያይ ይችላል።

ያ ቁጥር ለጌጥ የተለጠፈ አይደለም። የሠሪው ቃል ነው፦ «በዚህ ስም የወጣው ኮድ ይህ ነው፤ ሌላ አይደለም» የሚል ቃል። ችግሩ፣ አፕ የምንሠራ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ይህን ቃል ወይ አንሰጥም፣ ወይ ሰጥተን እናጥፋለን።

ብዙው ዴቨሎፐር ኮዱን የሚያስቀምጠው ጊት በሚባለው ሥርዓት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሊኑክስን ከርነል ኮድ ለማስተዳደር የሠራው ነው። ጊት ለእያንዳንዱ ኮሚት በተለምዶ 40 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ይሰጠዋል። ያንን ማን ሸምድዶት ይዘልቃል? ስለዚህ ለተመረጠው ኮሚት ሰው ሊጠራው የሚችል ስም ይወጣለታል። ታግ ማለት ይኸው ነው። ብራንች አዲስ ኮሚት በገባ ቁጥር ወደፊት ይራመዳል። ታግ ግን መንገድ ዳር እንደተተከለ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ባለበት ቆሞ ይቀራል። ጥቅሙም መቆሙ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ለአንድ ሱቅ የዕቃ መቆጣጠሪያ አፕ የሠራ ልጅ እናስብ። ፋይሉን በቴሌግራም ይልካል፤ ስሙ «አዲሱ»። በሳምንቱ «አዲሱ 2»፣ ከዚያ «የመጨረሻ»፣ ከዚያ ደግሞ «የመጨረሻ የመጨረሻ»። ባለሱቁ ደውለው «ሒሳቡን እያሳሳተብኝ ነው» ሲሉት ልጁ ምን ይመልሳል? ስህተቱ ባለፈው ሳምንት የተስተካከለው ነው ወይስ አዲስ? በባለሱቁ ስልክ ላይ ያለው የትኛው ኮድ ነው? ማንም አያውቅም። ታግ ቢኖር ኖሮ እሳቸው «1.3.0 ይላል» ብለው ሲያነቡለት፣ ልጁ በደቂቃ ውስጥ ያንኑ ኮድ አውጥቶ ያየው ነበር። እስከዚያው ግን የሚከስሩት ባለሱቁ ናቸው።

ስም ምን ያህል እንደሚያድን እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ታይቷል። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግባት ለምን ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት ሲመረምር፣ ኤክስዜድ በተባለ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር አግኝቶ ይፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች የቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር፦ ያላችሁ 5.6.0 ወይም 5.6.1 ነው? ከሆነ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ቨርዥኖቹ ስም ባይኖራቸው ኖሮ ምኑን ከምኑ ይለዩት ነበር?

በዓመቱ ደግሞ ተቃራኒውን አየን። እ.ኤ.አ. ማርች 2025 ጊትሀብ ላይ ከ23,000 በላይ የኮድ ማከማቻዎች የሚጠቀሙበት የቲጄ-አክሽንስ «ቼንጅድ ፋይልስ» የተባለ መሣሪያ ተጠቃ። አጥቂዎቹ አዲስ ቨርዥን ማውጣት አላስፈለጋቸውም። ድሮ የነበሩትን ታጎች አንስተው ተንኮል ያለበት ኮሚት ላይ አስቀመጧቸው። «የማውቀውን አሮጌውን ቨርዥን ነው የምጠቀመው» ብሎ በስሙ የተማመነ ሰው፣ በእነዚያ ሰዓታት ሥራውን ካስኬደ ሳያውቀው የአጥቂዎቹን ኮድ አስኬደ። ያ ኮድ ደግሞ ሚስጥራዊ ቁልፎችን የሥራ መዝገቡ ላይ እየገለጠ ይጽፍ ነበር። ታጉን ትተው ቀድሞ በያዙት ረጅም የኮሚት መለያ የጸኑት ግን አልተነኩም። የሚንቀሳቀስ ስም ከስም የለሽነት ይብሳል የምለው ለዚህ ነው፤ ስም የሌለውን ነገር ቢያንስ እንጠራጠረዋለን።

«እኛ እኮ ሁለት ልጆች ነን፤ ታጉን ብናንቀሳቅሰው ማን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ኮዱ ከላፕቶፓችሁ ካልወጣ እውነት ነው፤ ታጉን ሰርዛችሁ እንደገና ብታወጡት ችግር የለውም። ፑሽ ካደረጋችሁት በኋላ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጊት ባልደረባችሁ ቀድሞ ያወረደውን ታግ ዝም ብሎ አይቀይርበትም። ስለዚህ የእሱ 1.2.0 እና የእናንተ 1.2.0 ሁለት የተለያየ ኮድ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ስህተት ተገኘ? 1.2.1 ብላችሁ አዲስ አውጡ። ቁጥር እንደሆነ በነጻ ነው፤ አያልቅም።

ሥራው ደግሞ የደቂቃ ነው። ታጉን መግለጫ ያለው ዓይነት አድርጉት፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳወጣው አብሮ ይመዘገባል። ተራ ፑሽ ታግን ይዞ እንደማይሄድ አስታውሱ፤ ታጉ እንዲላክ ለይታችሁ ማዘዝ አለባችሁ። ታጉ ላይ ያለው ቁጥርና አፑ ውስጥ የሚታየው ቁጥር አንድ ይሁኑ። ቁጥሩም ራሱ ይናገር፦ ጥገና ብቻ ከሆነ የመጨረሻው፣ አዲስ ነገር ከተጨመረ የመሃሉ፣ የድሮውን አሠራር የሚያፈርስ ለውጥ ከሆነ የመጀመሪያው ይጨምር።

ኮድ የማትጽፉም ብትሆኑ ድርሻ አላችሁ። አፕ የሠራላችሁ ሰው «አስተካክዬዋለሁ» ሲላችሁ «በስንተኛው ቨርዥን?» በሉት። ወዲያው ከመለሰ ሥራውን በሥርዓት ይዞታል ማለት ነው። መልስ ካጣ ደግሞ፣ ጥያቄያችሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ማውጣት ያስጀምረው ይሆናል።