ዝናባችን ከውቅያኖስ፣ ዕውቀታችን ከየት?

«ባሕር» የሚለው ቃል ሲነሳ የከተማችን ሰው ጆሮ የሚቆመው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለወደብ። ታክሲ ውስጥም፣ ካፌ ውስጥም፣ የዩኒቨርስቲ ዶርም ውስጥም ወሬው ያው ነው፦ ወደቡ የማን ነበር? እንዴት ሄደ? እንዴትስ ይመለስ? ክርክሩ ይቅር አንልም። ግን ስለ ባሕሩ ዳርቻ ይህን ያህል ስንጨቃጨቅ፣ ስለ ባሕሩ ራሱ፣ ስለ ውሃው ማለታችን ነው፣ አንድም ጥያቄ አለማንሳታችን ይገርመናል። ውቅያኖስ የሚመለከተው ወደብ ያለውን አገር ብቻ ይመስል! እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ወደብ ኖረንም አልኖረን ውቅያኖስ ጓዳችን ድረስ ይገባል። ስለዚህ እሱን የሚያጠና ሰው ዩኒቨርስቲዎቻችን ውስጥ ያስፈልገናል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በ2015 የፓስፊክ ውቅያኖስ በምድር ወገብ አካባቢ ከልክ በላይ ሞቀ፤ ኤልኒኖ የሚሉት ነገር ነው። በዚያው ዓመት በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ በርካታ አካባቢዎች ክረምቱ ከዳ፣ አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥርም 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። በ2019 የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሞቀ፤ ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ ተጥለቀለቀ፣ እርጥበቱም ለበረሃ አንበጣ መራቢያ ሆነ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ደግሞ ፓስፊክ ቀዝቅዞ ከረመ፤ ይህኛው ላኒና ይባላል። ቦረናና ሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈባቸው፣ የአርብቶ አደሩም ከብት አለቀ። ገበሬያችን ሰማይ ሰማይ ያያል። የሰማዩ ጉዳይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ውሃው ላይ ነው።

ታዲያ ይህን ማን አወቀ? በአብዛኛው የዩኒቨርስቲ ሰዎች ናቸው። የሕንድ ውቅያኖስን ምዕራብና ምሥራቅ እንደ ሚዛን የሚያወጣ የሚያወርደውን የሙቀት መገለባበጥ በ1999 ስም ሰጥተው ለዓለም ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች አንዱ የቶኪዮ ዩኒቨርስቲው ቶሺዮ ያማጋታ ነበሩ። እስቲ ደግሞ ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ።

በ1950ዎቹ ብዙ ሳይንቲስቶች ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውቅያኖስ ውጦ ይጨርሰዋል ብለው ያምኑ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ሥር ያለው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ኃላፊ ሮጀር ሬቬል ከሐንስ ሱስ ጋር በ1957 ባወጡት ጽሑፍ ውቅያኖስ የታሰበውን ያህል ቶሎ እንደማይውጥ አሳዩ። ሬቬል የቀጠሩት ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ የተባለ ወጣትም በ1958 ሐዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ አየሩን መለካት ጀመረ። ያኔ ከሚሊዮን እጅ አየር 313ቱ እጅ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። በሜይ 2025 የወሩ አማካይ 430 አለፈ። ዛሬ ዓለም ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲነጋገር ከሚጠቅሳቸው ማስረጃዎች ሁሉ የታወቀው ይኸው ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ነው።

እኛን የበለጠ የሳበን ግን ሌላ ነገር ነው። በ1964 በጀት ተቆርጦ ልኬቱ ለጥቂት ወራት ቆሞ ነበር። መስመሩ ላይ ያለው ያ ክፍተት እስከ ዛሬ አለ፤ ማንም ሊሞላው አይችልም። የትናንትን አየር ዛሬ መለካት አይቻልማ! ኪሊንግ ገንዘብ ሲገኝም ሲጠፋም እየተሟገተ እስከ ሞተበት እስከ 2005 ቀጠለ፤ ከዚያ ልጁ ራልፍ ኪሊንግ ተረከበው። የዩኒቨርስቲ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ሹም የሚያስበው እስከሚቀጥለው በጀት፣ ነጋዴ እስከሚቀጥለው ትርፍ ነው። አንድ ቁጥር ስልሳ ዓመት ሙሉ ሳይሰለች የሚቆጥር ቤት ከተገኘ ያ ቤት ዩኒቨርስቲ ነው፤ ቢያንስ መሆን ያለበት እሱ ነው።

«እነሱ መርከብ አላቸው፣ ዶላር አላቸው፣ እኛ ምን አለን?» የሚል አይጠፋም። መልካም። አርጎ የሚባለውን ነገር እንመልከት። ከ2000 ገደማ ጀምሮ የብዙ አገር ዩኒቨርስቲዎችና የምርምር ተቋማት ቱቦ የሚመስሉ ተንሳፋፊ መለኪያዎችን በዓለም ውቅያኖሶች ላይ በትነዋል፤ ዛሬ 4,000 ገደማ ናቸው። እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ጠልቆ ከውሃው ጋር ይጓዛል፣ ከዚያ እስከ 2,000 ሜትር ይወርድና ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያገኘውንም በሳተላይት ይልካል። ይህንን በየአሥር ቀኑ ይደጋግመዋል። የሰው ልጅ በምድር ላይ ከጨመረው ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ውቅያኖስ ውስጥ መግባቱን በደንብ እንድናውቅ ካደረጉን መሣሪያዎች ዋነኛው ይህ ነው። አሁን ልብ በሉ፦ መረጃው ሁሉ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ነፃ! ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው የአርባ ምንጭ ወይም የጅማ ተማሪ የሕንድ ውቅያኖስን ሙቀት እንደ ቶኪዮው ተማሪ እኩል ማየት ይችላል። የጎደለን መርከብ ሳይሆን «እዩት» የሚለን መምህር ነው።

«ባሕር የለንም» የሚለው ሰበብም ቢሆን አያዋጣም። ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም። ሎዛን ከተማ ያለው የፌዴራል ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ግን በ2019 የቀይ ባሕር ምርምር ማዕከል አቋቋመ። ምክንያቱም በሌላው ዓለም ኮራሎች በሙቀት እየነጡ ሲሞቱ፣ በሰሜናዊ ቀይ ባሕር ያሉት ሙቀትን የመቋቋም ልዩ አቅም አላቸው፤ ከጠፉ ምትክ የላቸውም። ተመራማሪዎቹ ጅቡቲ ድረስ መጥተው የባሕሩን ወለል በቪዲዮ ካሜራ እየቀረጹ፣ ኮምፒውተር ምስሉን ወደ ካርታ እንዲለውጠው አድርገዋል። በቀይ ባሕር ማዶ ደግሞ ሳዑዲ አረቢያ በ2009 የከፈተችው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ይህንኑ ባሕር የሚያጠና ራሱን የቻለ ማዕከል አለው። ከአልፕስ ተራራ ሥር ያለ ሰው ስለ ጅቡቲ ኮራል ሲጨነቅ፣ ከ90 በመቶ በላይ የውጭ ንግዳችንን በጅቡቲ የምናሳልፈው እኛ ግን ዕቃችን መድረሱን እንጂ መርከቡ በምን ዓይነት ውሃ ላይ እንዳለፈ አንጠይቅም። በባሕሩ የሚጠቀም ሰው ባሕሩን የመጠበቅ ዕዳም አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ሥጋታችን እንምጣ። በ1984 እና በ1985 በአገራችንና በሱዳን ከደረሰው ረሃብ በኋላ አሜሪካኖች በ1985 የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋሙ። ከዚህ ሥርዓት ጋር ከሚሠሩት አንዱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ሳንታ ባርባራ ቡድን ነው። የዚያ ሰዎች የፓስፊክንና የሕንድ ውቅያኖስን ሙቀት እያዩ የአፍሪካ ቀንድ ዝናብ መቼ እንደሚከዳ ለመናገር ዓመታት ለፍተዋል። በ2010 ላኒና መምጣቱ ሲታይ ማስጠንቀቂያው ተሰጥቶ ነበር። ሰሚ ግን አልነበረም። በጁላይ 2011 ሶማሊያ ውስጥ ረሃብ ታወጀ፤ በኋላ በተደረገ ጥናት 260,000 ገደማ ሰው መሞቱ ተገመተ፣ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። ድስት ጥዶ ማልቀስ ማለት ይህ ነው።

በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም የዚህ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ድረ ገጽ ከኢንተርኔት ጠፋ። የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። አስቡት እንግዲህ፦ የቦረና ከብትና የሐረርጌ ማሽላ ዕጣ ፈንታ የሚነበብበት መስኮት የሚከፈተውም የሚዘጋውም ዋሽንግተን ላይ ነው። ፈረንጆቹን አንወቅስም፤ ላደረጉት እናመሰግናለን። ነገር ግን የራስን ዝናብ ለማወቅ የሰው ደጅ መጥናት እስከ መቼ?

«ሕዝብ እየራበው ስለ ውቅያኖስ ማጥናት ቅንጦት ነው» የሚሉን ወዳጆች አሉ። እኛ ደግሞ ስለሚራብ ነው የምንለው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ለረጅም ዓመታት የክረምቱን ትንበያ ሲያዘጋጁ የፓስፊክ ሙቀቱ ዘንድሮን የመሰለ ያለፈ ዓመት ፈልገው ሲያመሳስሉ ኖረዋል። ማለትም ውቅያኖስን ማንበብ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ የጎደለው ከሥሩ ጠንካራ የዩኒቨርስቲ ምርምር መኖሩ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ሜትሮሎጂ የሚያስተምሩ ዩኒቨርስቲዎቻችን የውቅያኖስን ትምህርት እንደ ተጨማሪ ምዕራፍ ሳይሆን እንደ ዋና ኮርስ ይያዙት፤ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍም በዚያ ነፃ መረጃ ላይ ይሠራ። ሁለተኛ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ የመርከብ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን የማሪታይም አካዳሚ አለው። ልጆቻችን በዓለም ባሕሮች ላይ ይሠራሉ። የንግድ መርከቦች የአየሩንና የውሃውን ሙቀት እየመዘገቡ ለሳይንስ የሚያቀብሉበት ዓለም አቀፍ ልማድ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አካዳሚውን ከምርምሩ ጋር ማገናኘት ነው። ሦስተኛ፣ ጅቡቲም ዩኒቨርስቲ አላት፤ ከሎዛን መጥተው የሚያጠኑትን ውሃ አብረን እናጥና። አራተኛና ዋናው፣ የተጀመረው ነገር ከፕሮጀክት ገንዘብ ጋር እንዳይሞት ቋሚ በጀት ይመደብለት። ሦስት ዓመት ለክቶ ማቆም አለመለካት ነው።

የወደቡ ጉዳይ የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅም አይታወቅም። የውቅያኖሱን መረጃ ለመክፈት ግን የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚቀጥለው ኤልኒኖ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ከሰው አፍ የምንሰማው ወሬ ይሆናል ወይስ የራሳችን ልጆች አስቀድመው የሚነግሩን? መልሱ ያለው አሁን ዩኒቨርስቲዎቻችን በሚቀርጹት ትምህርት ውስጥ ነው።