መጽሔቱ ባሕር ማዶ ይታተም፤ አንባቢዋ ግን አትረሳ

አንዲት እህት አማን ውስጥ በስንት ልመና የግማሽ ቀን ፈቃድ አገኘች እንበል። በእጇ ያለው የአማርኛ በራሪ ወረቀት «ቢሮው በ8 ሰዓት ይከፈታል» ይላል። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሩቅ አገር ያለ ድርጅት ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት አስቦ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦታል። እሷ ግን እንዳደገችበት ቆጥራ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ትደርሳለች። ቢሮው የተከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር፤ ተራው አልቋል። ማዳም ሌላ ፈቃድ መቼ እንደምትሰጣት ደግሞ እግዚአብሔር ይወቅ።

የአማርኛ መጽሔትና መመሪያ የት ይዘጋጅ፣ የት ይታተም የሚለው ጥያቄ የአሳታሚዎች የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ሥራውን ወደ ውጭ መስጠት ጥቅም የለውም አንልም። ትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ባሉበት አገር ቀለሙ ይደምቃል፣ ወረቀቱ ይጠነክራል፣ ብዙ ቅጂ ሲታዘዝም የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ «ሰላምታ» መጽሔት በአንድ ወቅት ናይሮቢ ባለው ካሜራፒክስ ይዘጋጅ ነበር፤ ያፈረበት ሰው አልነበረም። ነጻነትም ሌላው ጥቅም ነው። በ2004 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ ላለማተም መብት የሚሰጠውን ውል ለጋዜጦች ሲያቀርብ፣ አሳታሚዎች የተጨነቁት ሌላ የሚሄዱበት በር ስለጠበባቸው ነበር። ሁለተኛ በር ያለው አሳታሚ በአንዱ ፈቃድ አይታሰርም።

ጉዳቱ ግን ከዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይታይም።

የመጀመሪያው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳውያን» ብሎ ተሳስቶ ነበር። ከ35 ዓመት በኋላ እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን ያሳተሙት ኢትዮጵያዊው አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ፊደሉን ማንበብ ስለማይችሉ ለተፈጠረው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ዛሬ ኮምፒውተር መጥቷል፤ ማንበብ የማይችል ሰው የሚለቅመው ጽሑፍ ግን ዛሬም ያው ነው። ፊደሉ ወደ ባዶ ሣጥን ይለወጣል፣ የዘመን አቆጣጠሩ ይምታታል፣ ሰዓቱ በስድስት ይዛነፋል።

ሁለተኛው የብዛት ወጥመድ ነው። ውጭ ማሳተም የሚያዋጣው ብዙ ሲታዘዝ ነው። ሕግ ግን የመጋዘን ክምችት እስኪያልቅ አይጠብቅም። የጆርዳንን የቤት ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 90 እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ የሥራ ሰዓቱን በቀን እስከ 10 ሰዓት ፈቅዶ ነበር፤ በ2011 ተሻሽሎ 8 ሰዓት ሆነ። በመካከሉ ሺሕ ቅጂ አሳትሞ በካርቶን ያስቀመጠ ድርጅት፣ ከማሻሻያው በኋላ ያንኑ ቢያድል አንዲትን ሠራተኛ በየቀኑ የሁለት ሰዓት መብቷን ያስክዳታል። ያማረ ወረቀት ላይ ያለ አሮጌ ሕግ ደግሞ ይበልጥ ይታመናል።

ሦስተኛው የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በዶላር ፊት ዋጋው ስለወረደ፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ ውጭ ማሳተም ርካሽነቱ ቀንሷል። እርግጥ ወረቀቱና ቀለሙም ከውጭ ስለሚገባ አገር ቤት ማሳተምም ተወዷል። ልዩነቱ፣ ለፊደል ለቃሚው፣ ለአራሚውና ለጠራዡ የሚከፈለው ገንዘብ የሚቀረው የት ነው የሚለው ላይ ነው። ይህን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የመጽሔት ሥራ ርካሽ ሠራተኛ ወዳለበት አገር በኢሜይል ይሄዳል። የማዳም ቤት ወለል ግን በኢሜይል አይላክምና ሠራተኛዋ ራሷ ተሳፍራ ትመጣለች። ሁለቱም አንድ ስሌት ናቸው፤ በሁለቱም የሚረሳው ሰው ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። ማሽኑ የትም ይሁን፤ ዱባይም፣ ሕንድም፣ አዲስ አበባም ያትመው። ሦስት ነገሮች ግን ከአንባቢዋ መራቅ የለባቸውም። አንደኛ፣ ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን ገጽ አማርኛን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ያንብበው፤ ስሙም መጽሔቱ ላይ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ስለ ጆርዳን ሕግ የሚጻፈውን አማን ላይ የሚኖርና የአሁኑን ሕግ የሚያውቅ ሰው ይየው፤ ቅጂውም በትንሽ በትንሹ ይታተም። ሦስተኛ፣ በማተሚያው ከተረፈው ገንዘብ ለተርጓሚውና ለአራሚው ተገቢው ይከፈል። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፤ ስሕተቱ የሚያስከፍለው ግን አሳታሚውን ሳይሆን እናንተን ነው።

እስከዚያው እናንተም ወረቀት ሲሰጣችሁ ሦስት ነገር እዩ፦ ማን አዘጋጀው? በየትኛው ዓመት ታተመ? ሰዓቱና ዓመቱ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? ዓመት ያልተጻፈበትን መመሪያ አትመኑ። ሰዓት ካጠራጠራችሁ ደውላችሁ «ከጠዋቱ ነው ከቀኑ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሕተት ካያችሁም ገጹን በስልካችሁ አንስታችሁ ላዘጋጀው ክፍል ላኩለት፤ እኛም ስንሳሳት እንዲሁ አድርጉልን።