«ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ኔጋቲቭ ይዞ ፎቶ ቤት የገባ ሰው የሚፈራት አንዲት ቃል አለች፤ «ተቃጥሏል!»። ብርሃን የገባበትም፣ የጨለመውም፣ የደበዘዘውም ሁሉ «ተቃጥሏል» ነው። እኔ ግን ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፊልሙ ታይቶ ሳይሆን የኮምፒውተሩ ፕሪቪው ታይቶ ነው ባይ ነኝ።

ባለፈው ክረምት የአክስቴን ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች መርካቶ ወስጄ ነበር። ከስድስቱ ፍሬሞች የመጨረሻው ስክሪኑ ላይ ጨለማ ሆኖ መጣ። ልጁ «ይሄ ተቃጥሏል እህቴ፣ ለምን ብር ታወጫለሽ?» አለኝ። ፊልሙን ወደ ብርሃን ሳነሳው ግን ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ከኋላዋም የሱቅ ታፔላ አለ። «እስቲ ምርጫውን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ጠበብ አድርገው» አልኩት። አደረገው፤ አክስቴ ብቅ አለች!

ምስጢሩ ቀላል ነው። ብርሃን የማያሳልፈው የፊልም መያዣ ፕላስቲክ፣ ኔጋቲቩ ሲገለበጥ ከሁሉ የነጣ ነጭ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ያንን ከፎቶው ጋር ቆጥሮ ሲያመጣጥን ሰዎቹን ወደ ጨለማ ይገፋቸዋል። ፊልም የሌለበት ባዶ ቦታ ከገባ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፎቶው አመድ ይመስላል።

ባለቀለሙ ፊልም ይብሳል። ብርቱካናማ መደብ ስላለው ሶፍትዌሩ በየፍሬሙ እየገመተ ያነሳዋል፤ አንዷ ሴት እዚህ ጠይም፣ እዚያ ቀይ ትሆናለች። ቪውስካንን በመሰሉ ፕሮግራሞች ግን ምስል ከሌለበት የፊልሙ ጠርዝ ላይ ኤክስፖዠሩንና የመደቡን ቀለም አንዴ ለክቶ መቆለፍ ይቻላል፤ ከዚያ ጥቅሉ በሙሉ በአንድ ልክ ይነሳል። ወረፋ እያለ ማን ይለካል? ይገባኛል። ግን ኮዳክ «ሸርሊ» የተባለውን የነጭ ሴት ፎቶ የቀለም መለኪያ አድርጎ ለላብራቶሪዎች ሲልክ በኖረበት ዘመን የእኛ መልክ በግምት ነበር የሚወጣው። ዛሬም በግምት መቀጠል አለበት?

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጉዳዩ የጥራት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ የተሠራው ከነዋሪዎች በተሰበሰቡ የቤተሰብ ፎቶዎች ነው። የመርካቶ ቆርቆሮ ሱቆች በፎቅ እየተተኩ ናቸው፤ የዚያ ታፔላ ማስረጃ ምናልባት አንድ ፍሬም ብቻ ይሆናል። እሱንም በፕሪቪው ፈርደን ልንጥለው ነው እንዴ?

ለክፍላችን ልጆች የምለው ይህ ነው። ፕሪቪው በዝቅተኛ ጥራት ስለሚነሳ ፎቶው ጥርት ማለት አለማለቱን በእሱ አትወስኑ። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፍሬም በ2400 ዲፒአይ ሲነሳ ወደ 3400 በ2270 ፒክሰል ይሰጣል፤ ማየት ያለባችሁ እዚያ ላይ ነው። ታፔላው ተገልብጦ ከተነበበ ፊልሙ በጀርባው ተቀምጧል፤ አዙሩት። ሂሳብ ስትከፍሉም ያልተነካካውን የቲፍ ፋይል ጠይቁ፤ ኔጋቲቩንም ቆጥራችሁ ተረከቡ።