ክረምት ሲገባ የቤተ መጻሕፍታችን በር አይዘጋ

እነሆ ሰኔ ደረሰ። እኛ ፈተናችንን ጨርሰን ሻንጣችንን ለመሸከፍ እንጣደፋለን፤ የአንደኛ ደረጃ ልጆችም የመማሪያ መጽሐፋቸውን ለትምህርት ቤት አስረክበው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ከዚያ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የዝናብና የጭቃ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የመርሳትም ጊዜ ነው። ይህን የምንለው ከሰው ሰምተን ሳይሆን በዓይናችን አይተን ነው።

ባለፈው ጥቅምት ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ለስድስታችን አንድ ሦስተኛ ክፍል ደርሶን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ከሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ግማሽ ገጽ እንዲያነቡልን ጠየቅናቸው። አንድ ልጅ ተነሥቶ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራ፤ ገጣጥሞ ቃል ማድረግ ግን አቃተው። የክፍሉ መምህርት ደንግጠው፣ «ይሄ ልጅ እኮ ሰኔ ላይ ያነብ ነበር» አሉን። እንዲህ የሆነው እሱ ብቻ አልነበረም። «ክረምቱን ምን ስታነቡ ከረማችሁ?» ብለን ብንጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ «እኛ ቤት መጽሐፍ የለም» አለች። ነገሩ ይኸው ነው! የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ተመልሷል፣ ቤት ውስጥ ሌላ የለም፤ ልጁ ከሁለት ወር በላይ አንዲት ገጽ ሳይገልጥ ይከርማል። መምህርቷም የመስከረምንና የጥቅምትን ትምህርት ያለፈውን ዓመት በመድገም ይጨርሱታል።

ይህ የኛ ከተማ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የዚህ ሁሉ ጥፋት የክረምት ነው አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ከሥር ያላነበበ ልጅ ከላይ ደርሶ ምን ይሠራል? እኛም ነገ የምንመደበው እዚያው ከሥር ነውና ጉዳዩ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ከተማችን መጽሐፍ የላትም እንዴ? አላት እንጂ! የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችንን የማያውቅ የለም። አንድ አዳራሽ፣ ረዣዥም ጠረጴዛዎች፣ ግድግዳውን ይዘው የቆሙ መደርደሪያዎች። በአዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር አለ፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆትም አለ። ትንሽ ከተማ ግን ያላት አንድ ክፍል ነው፤ ያችም ብትሆን በደንብ ከሠራች ትበቃ ነበር። የኛዋ የምትከፈተው በቢሮ ሰዓት ነው። ሰው ሥራ ሲፈታ እሷም ትዘጋለች። ክረምት ሲሆን ደግሞ «ተማሪ የለም» ተብሎ ግማሽ ቀን ተዘግታ የምትውልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ከመካከላችን የዚሁ ከተማ ልጆች የሆንን አንድ ቀን እዚያ ሄደን ነበር። ዝናቡ ሲወርድ ሰባት ስምንት ሕፃናት ከጣራው ጠርዝ ሥር ተጠልለዋል። አንዳንዶቹ የተጠበሰ በቆሎ የሚሸጡ፣ አንዱ የሊስትሮ ሣጥኑን የያዘ፣ አንዷ ታናሽ ወንድሟን ያዘለች። አንገታቸውን በበሩ አስግገው ወደ ውስጥ ያያሉ። ጥበቃው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የታዘዙትን ነው የሚፈጽሙት። «ሕፃን አይገባም፣ ይረብሻል» አሏቸው። ውስጥ ግን የሚረበሽ ሰው ከአራት አይበልጥም ነበር።

ዝናቡ ሳያባራ አንዲት እናት መጡ። የመድኃኒት ከረጢት ይዘዋል። «ልጆቼ፣ ይሄ በቀን ስንቴ ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁን። አነበብንላቸው። «እኔም እኮ በመሠረተ ትምህርት ተምሬ ነበር፤ ኋላ ጠፋብኝ» አሉና መርቀውን ሄዱ። ምርቃቱ ደስ ቢለንም ነገሩ ከነከነን። እንደሚታወቀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በመጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች፣ ቆይቶም በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። አገራችን በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አግኝታለች። ብዙ ወጣት ያንን ሥራ በክረምት ጭቃ ውስጥ ነው የሠራው። እኚህ እናት የዚያ ፍሬ ነበሩ። ታዲያ ለምን ጠፋባቸው? ያ የሦስተኛ ክፍል ልጅ በጠፋበት ምክንያት! እሱ የሚያነበው ያጣው ለአንድ ክረምት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ለአርባ ክረምት። ፊደል ካልተሠራበት ይዝጋል። ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ የተማረው ሰው ገብቶ የሚያነብበት ቤት ያስፈልገዋል።

በመሆኑም የኛ አሳብ ይህ ነው። የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ከሐምሌ መግቢያ እስከ ጳጉሜን ድረስ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ለሁሉም የሚሆን የክረምት ፕሮግራም ይክፈት፤ ሥራውን ደግሞ እኛ እጩ መምህራን እንሥራው።

እንዴት ለሚለን መልስ አለን። ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ለታችኛ ክፍል ልጆች ይሁን። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት ይሻላል፤ በጾመ ፍልሰታም ወደ ቅዳሴ የሚሄዱትን አይሻማም። አንዳችን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ታሪክ እናነብላቸዋለን፤ ከዚያ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አንድ ገጽ ለጓደኛቸው ያነባሉ። ማርክ የለም፣ ቁጣ የለም። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከፍ ላሉት ተማሪዎች ይሁን፤ ያልገባቸውን የሒሳብና የቋንቋ ትምህርት ይዘው ይምጡ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። በረንዳው ላይ አንድ ጠረጴዛ ወጥቶ ሁለታችን እንቀመጥ፤ ገበያተኛው ደብዳቤም ይሁን ቅጽ፣ በስልኩ የመጣለትንም መልእክት ይዞ ይምጣ። አንብበን ከመስጠት አልፈን፣ «እሑድ ከ8 ሰዓት በኋላ ይምጡ፣ ራስዎ ያነቡታል» እንበለው። እሑድ ከቀትር በኋላ የአዋቂዎች ይሁን፤ ገበሬውም ከአረም የሚያርፈው ያን ቀን ነው። የጠፋባቸው እናትም ያኔ ይመጣሉ።

ሽማግሌዎቹስ? እነሱ ለመማር ብቻ ሳይሆን ለማስተማርም ይጠሩ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ለልጆቹ ተረት ይንገሩ። ከፍ ያሉት ተማሪዎች የሰሙትን ይጻፉ፣ ሥዕል የሚችል ይሣልበት፣ በክር ተሰፍቶ መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። በመደርደሪያችን ላይ የሕፃናት መጽሐፍ ጥቂት መሆኑን እናውቃለን። እንዲህ ብናደርግ ክረምቱ ሲያልቅ መጽሐፍ ተጨምሮ ይገኛል።

እርግጥ ነው፣ የሚቃወሙን አይጠፉም። አንዳንዶች «ቤተ መጻሕፍት የጸጥታ ቦታ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ሰዓት የከፈልነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ይሁን፤ ከ3 እስከ 5 ግን የልጆች ድምፅ ይሰማ። «መጽሐፍ በጭቃ ይበላሻል፣ ይጠፋል» የሚሉም አሉ። በሩ ላይ ጆንያ ይነጠፍ፣ አንድ ባልዲ ውኃና ሳሙና ይቀመጥ፣ የሚወጣው መጽሐፍ ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ። ማንም ሳይገልጠው መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው መጽሐፍስ ቢሆን ከጠፋው በምን ይሻላል? ሌሎች ደግሞ «በጀት የለም» ይሉናል። እኛ ደመወዝ አልጠየቅንም። የምንጠይቀው ቁልፉን፣ አዳራሹንና አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሠራተኛ ነው። እንደምናስታውሰው፣ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአዋሳ አካባቢ መጻሕፍትን በጋሪ ጭነው በአህያ እያስጎተቱ ለልጆች አድርሰዋል። አህያ ያደረሰችውን እኛ ጣራና ግድግዳ እያለን ቢያቅተን ያሳፍራል።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ግን ራሳችንን እንይ። እኛስ ብንሆን? ፈተና ሲደርስ በጠዋት ሄደን ወንበሩን ሁሉ እንይዛለን። የምናነበው የራሳችንን ደብተር ነው፤ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ ሳናወርድ ወር የምንመላለስ ብዙ ነን። ልጅ በበሩ ብቅ ሲል «ዝም በል» ካሉት አንዱ እኛ ነበርን። «ንባብ የእውቀት ምንጭ ነው» ብለን ለልምምድ ክፍላችን በካርቶን ጽፈን ሰቅለናል፤ ያን ካርቶን ያየ ልጅ በነሐሴ ዝናብ ደጅ ሲቆም ግን «ግባ» አላልነውም። ይህ ጉድለታችን ነው፤ እናርመው።

ሥራው ደግሞ ከባድ አይደለም። በሰኞው፣ በማክሰኞው፣ በረቡዑና በሐሙሱ ሦስት ሦስት ሰው፣ ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ ሦስት ይበቃል። አሥራ ሁለት ሰው ከተገኘ ለአንዱ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ አይደርሰውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ! ወደ ሌላ ወረዳ የምትሄዱም ብትሆኑ አሳቡን ይዛችሁ ሂዱ፤ በየአካባቢያችሁ ቁልፉ የተሰቀለ አንድ ክፍልና በሩ ላይ የቆመ አንድ ልጅ አታጡም።

የተቋማችን ኃላፊዎችም ለቤተ መጻሕፍቱ አስተዳደር ደብዳቤ እንዲጽፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከዚህ ጽሑፍ ሥር ወረቀትና እርሳስ ተንጠልጥሏል። የምትችሉትን ቀን ከስማችሁ ጎን አስፍሩ። እስከ ሰኔ 15 ወረቀቱ እዚሁ ይቆያል፤ የኛ የስድስታችን ስም ከላይ ተጽፏል። የቀረው ስድስት ሰው ነው። ያ ልጅ በሚመጣው ጥቅምት አራተኛ ክፍል ነው፤ ገጹን አንብቦ እንዲቀመጥ ከፈለግን ነገ ዛሬ ሳንል አሁን እንፈርም።