ብርዕ ያረጃል፤ ፊደል ግን ይኖራል

የጥበብ ሥራ ሁሉ በሁለት ነገር ይቆማል፤ አንደኛው መሠረቱን ማወቅ ነው፤ ሁለተኛውም መሣሪያውን መልመድ ነው። መሠረቱን ዐውቆ መሣሪያው የጐደለበት ሰው ሌላ መሣሪያ እስኪያገኝ ድረስ ይቸገራል እንጂ ሙያው አይጠፋበትም። መሣሪያውን ብቻ ለምዶ መሠረቱን ያላወቀ ሰው ግን መሣሪያው በተሰበረ ቀን ሙያው አብሮ ይሰበርበታል። ይህም ነገር በሸማኔና በአንጥረኛ ዘንድ እውነት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ዛሬ በኮምፒዩተር የሕዝብን አገልግሎት በሚሠሩት ባለሙያዎች ዘንድም እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

ከነዚህ ባለሙያዎች መካከል ሪች ኢንተርኔት አፕሊኬሽን የሚባለውን የሚሠሩ አሉ። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ነገሩ ለብዙ ሰው የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ዘመን የነበረው ድረ ገጽ እንደ ታተመ ወረቀት ነበረ፤ አንባቢው አንዲት ነገር ሊለውጥ ቢፈልግ ገጹ በሙሉ ከሩቅ ካለው ሰርቨር እንደ ገና መምጣት ነበረበት። ሪች ኢንተርኔት አፕሊኬሽን ግን በብራውዘር ውስጥ ተከፍቶ እንደ ሙሉ ፕሮግራም የሚሠራ ነው፤ ቅጽ ይሞላበታል፥ ካርታ ይታይበታል፥ ሒሳብ ይሰላበታል፤ ገጹም ሳይጠፋ የተለወጠው ክፍል ብቻ ይታደሳል። ዛሬ ግብር ከፋዩ ግብሩን የሚያስታውቅበት፥ ተማሪው ውጤቱን የሚያይበት፥ ነጋዴው ፈቃዱን የሚያድስበት ገጽ በዚህ ዓይነት አሠራር የሚሠራ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ በምን መሣሪያ እንደሚሠሩና ሙያውንም ከምን እንደሚማሩ መጠየቅ የሠሪዎቹ ብቻ ሳይሆን የሹማምንትም ጕዳይ ነው።

የነገሩን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ይህን ስም ያወጣው ማክሮሚዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበረ፤ መሣሪያውም ፍላሽ ይባል ነበረ። ኩባንያው በ2004 ፍሌክስ የተባለውን ጨመረ፤ በ2005 መጨረሻም አዶቤ የተባለው ሌላ ኩባንያ ገዛው። ማይክሮሶፍት በ2007 ሲልቨርላይትን፥ ሰን ማይክሮሲስተምስም በ2008 ጃቫ ኤፍ ኤክስን አመጡ። የ2008ቱ የቤይጂንግ ኦሊምፒክ ጨዋታ ለአሜሪካ ተመልካቾች በኢንተርኔት የታየው በሲልቨርላይት ነበረ። በየመሣሪያው ስም መጻሕፍት ተጻፉ፥ ትምህርት ተከፈተ፥ የምስክር ወረቀትም ተሰጠ።

ነገር ግን ፍላሽና ሲልቨርላይት አንድ ጠባይ ነበራቸው። የኩባንያው ልዩ ፕሮግራም በብራውዘሩ ላይ ካልተጨመረ በቀር አይሠሩም ነበር፤ የሚያድሳቸውም የሚያቆማቸውም ባለቤታቸው ብቻ ነበረ። በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን አልተቀበለም። በ2010 ኤፕሪል ወርም የአፕል አለቃ ስቲቭ ጆብስ ፍላሽ የአንድ ኩባንያ ንብረት መሆኑን፥ ለደኅንነት አስጊ መሆኑን፥ የስልኩንም ባትሪ ቶሎ መጨረሱን ዘርዝሮ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። አዶቤ በ2011 ለእጅ ስልክ የሚሆነውን ፍላሽ ማሻሻል ተወ፤ በ2017ም የፍላሽ ፍጻሜ በ2020 መጨረሻ እንዲሆን አስታወቀ። እንዳለውም ሆነ፤ ከ2021 ጃንዋሪ 12 ቀን ጀምሮ በፍላሽ የተሠራው ሁሉ በኩባንያው ፕሮግራም እንዳይከፈት ታገደ። የሲልቨርላይትም ድጋፍ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ተቋረጠ።

ከሁሉ ይልቅ ለሹማምንት ትምህርት የሚሆነው በደቡብ አፍሪካ የደረሰው ነው። የዚያ አገር የግብር መሥሪያ ቤት ሕዝቡ በኢንተርኔት የሚሞላቸውን ቅጾች በፍላሽ አሠርቶ ነበረ። የፍላሽ ፍጻሜ ከሦስት ዓመት በላይ አስቀድሞ በይፋ የተነገረ ቢሆንም፥ ቀኑ ሲደርስ ገና ወደ አዲሱ አሠራር ያልተዛወሩ ቅጾች ተገኙ። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በ2021 ጃንዋሪ ወር ፍላሽን የሚከፍት የራሱን ብራውዘር አውጥቶ ግብር ከፋዩ በኮምፒዩተሩ ላይ እንዲጭነው ማድረግ ግድ ሆነበት። ዓለም ለደኅንነት ሲል የዘጋውን በር አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለገዛ ሕዝቡ መልሶ ከፈተው ማለት ነው። ቅጾቹን የሠሩት ሰዎች ሙያ ጐደላቸው አይባልም፤ ቅጾቹ ብዙ ዘመን አገልግለዋልና። የጐደለው፥ የሕዝብ ሥራ በአንድ ነጋዴ ፈቃድ ላይ ሲቆም ነጋዴው ሥራውን የሚተውበት ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ ማሰብና መሰናዳት ነው።

በሌላው ወገን ያለው ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ቲም በርነርስ ሊ የድርን አሠራር ያወጣበት ሴርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም በ1993 ኤፕሪል 30 ቀን ይህን አሠራር ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሁሉ ለቀቀው። ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1995 ተሠርቶ በ1997 በጋራ ደንብ ተጻፈ። በ2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት አጃክስ የሚል ስም ያወጣለት አሠራርና በዚያው ዓመት የወጣው የጉግል ካርታ፥ ያለ ልዩ ተጨማሪ ፕሮግራም በዚሁ በጋራው ቋንቋ ብቻ ብዙ ሥራ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። በ2014ም ኤች ቲ ኤም ኤል 5 የተባለው ደንብ ጸደቀ። ከብዙ ወገን የተውጣጡ ሰዎች በስምምነት የሚጠብቁት ስለ ሆነ፥ ከነዚህ አንዱ ኩባንያ ቢከስር ሥራው አይቆምም። ሴርን በ2013 ወደ ቀድሞ አድራሻው የመለሰው የጥንቱ ድረ ገጽ ቅጂ ዛሬም በማናቸውም ብራውዘር ይነበባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶችም እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ፥ አማርኛ በየኩባንያው ልዩ ፎንት ይጻፍ ነበረ። አንዱ ፎንት ለአንድ ፊደል የሰጠውን ቍጥር ሌላው ለሌላ ፊደል ይሰጠው ስለ ነበረ፥ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። መዝገቡ አልጠፋም፥ ነገር ግን አይነበብም። በብራና የተጻፈው መጽሐፍ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሲነበብ፥ ከጥቂት ዓመት በፊት የተጻፈው ደብዳቤ ሳይነበብ መቅረቱ፥ ጥፋቱ ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን በጋራ ስምምነት ካልጸና መሠረት ላይ መሠራቱ እንደ ሆነ ያስረዳል።

እንግዲህ ሙያውን የሚማሩት ወጣቶች ምን ይማሩ የሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። ዛሬም አዳዲስ መሣሪያዎች በየጊዜው ይወጣሉ፤ ሪአክት በ2013፥ ቩ በ2014 ወጥተዋል። እነዚህ በጋራው ቋንቋ ላይ የቆሙና ለሁሉ የተከፈቱ ስለ ሆኑ ከፍላሽ ይሻላሉ፤ ሆኖም እነሱም ቢሆኑ ማርጀታቸው አይቀርም። በ2010 የወጣውና ብዙ ሰው የተማረው አንጉላር ጄ ኤስ ድጋፉ በ2021 መጨረሻ አብቅቷል። ጃቫስክሪፕትን ከመሠረቱ ያወቀ ሰው ወደ ሌላው መሣሪያ ለመሻገር አልተቸገረም፤ የመሣሪያውን ትእዛዝ በቃሉ ብቻ ያጠና ግን እንደ ገና ከሀ መጀመር ሆነበት።

ከ2021 ወዲህ ደግሞ ኮዱን ራሱ የሚጽፉ ሰው ሠራሽ ረዳቶች መጥተዋል። እነዚህ ለዐዋቂው ጊዜ ይቈጥቡለታል፤ ለጀማሪው ግን ፈተና ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል። ተማሪው ከፊደል ወደ አቡጊዳ፥ ከአቡጊዳ ወደ ንባብ፥ ከንባብ ወደ ዳዊት ይሄዳል እንጂ ደረጃውን አይዘልም። በቅኔ ቤትም ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርምለታል። የጓደኛውን ቅኔ ይዞ የሚቀርብ ተማሪ ለአንድ ቀን ከተግሣጽ ይድን ይሆናል እንጂ ባለቅኔ አይሆንም። ረዳቱ የጻፈለትን ኮድ መርምሮ ስሕተቱን ማግኘት የማይችል ሠራተኛም እንደዚሁ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ ምስጢር የሚያልፍበትን ሥራ ለእንዲህ ያለው ማስረከብ አደራን ማቃለል ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን፥ ወጣቱ ሥራ ፈትቶ ሳለ ለመሠረት ትምህርት ረጅም ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ ገበያው የሚፈልገውን መሣሪያ በጥቂት ወር ለምዶ እንጀራውን ይብላ ይላሉ። ይህ ክርክር ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ በቀላል የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በጥቂት ወር የተገኘው እንጀራ መሣሪያው ሲለወጥ የሚቋረጥ ከሆነ፥ ችግሩ ለጥቂት ጊዜ ተላለፈ እንጂ አልተወገደም። ደግሞም ሁለቱ አይጣሉም፤ ተማሪው መሠረቱን እየተማረ በአንድ መሣሪያ መለማመድ ይችላል፤ የሚከለከለው መሣሪያውን መሠረት አድርጎ መቍጠር ብቻ ነው።

ለመማሪያ የሚሆነው ነገር አላነሰም። ሞዚላ በ2005 የጀመረው ኤም ዲ ኤን የተባለው የማስረጃ መዝገብ የድርን ቋንቋዎች ሁሉ ያለ ዋጋ ያስተምራል፤ በ2014 የተጀመረው ፍሪ ኮድ ካምፕም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያም ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ጋራ በመተባበር በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ጀምራለች። ነገር ግን አንድ ታላቅ ጕድለት አለ። ኤም ዲ ኤን ወደ ፈረንሳይኛ፥ ወደ ጃፓንኛ፥ ወደ ኮሪያኛ፥ ወደ ሌሎችም ቋንቋዎች ተተርጕሟል፤ አማርኛ ግን ከነዚህ ውስጥ የለም። የገጠር ተማሪ ከጃቫስክሪፕት ጋራ ከመታገሉ በፊት ከእንግሊዝኛ ጋራ ይታገላል፤ ብዙውም በዚያው ደክሞ ይቀራል። የጥንት አባቶች መጻሕፍትን ከባዕድ ቋንቋ ወደ ግዕዝ መለሱ፤ የትርጓሜ መምህራንም የግዕዙን ምስጢር በአማርኛ አንድምታ አብራሩ። በባዕድ ቋንቋ የመጣ ዕውቀት በአገር ቋንቋ ካልተፈታ ሥር እንደማይሰድ ያውቁ ነበርና።

ስለዚህ ሥልጣን ላላቸው ሦስት ነገር ይገባል። አንደኛ፥ መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት አገልግሎት ሲያሠራ ሥራው በጋራው ደንብ ላይ እንዲቆም፥ ኮዱና መዝገቡም ለመሥሪያ ቤቱ እንዲረከብ በውሉ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚሠራባቸውን መሣሪያዎችና ድጋፋቸው የሚያበቃበትን ቀን በመዝገብ ይያዝ፤ የተነገረ ቀን ሳይታሰብ ደረሰ የሚል ምክንያት ከእንግዲህ አይሰማ። ሦስተኛ፥ የድርን መሠረት የሚያስተምሩት ጽሑፎች በአማርኛና በሌሎቹም የአገር ቋንቋዎች እንዲተረጐሙ ቋንቋ ዐዋቂና ሙያ ዐዋቂ ባንድነት ይመደቡ፤ በዚህ ሥራ የሊቃውንቱ እርዳታ ብዙ ይጠቅማል።

ብርዕ ሲያረጅ ሌላ ብርዕ ይቀረጻል። ፊደሉን ያወቀ ጸሐፊ በአዲሱ ብርዕ ይጽፋል፤ በጋራ ፊደል የተጻፈውንም የሚመጣው ትውልድ ያነበዋል። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው የሕዝብ ሥራ ነገ የሚከፍተውና የሚያነበው እንዲያገኝ፥ ፊደሉ አስቀድሞ ይማር፤ መሣሪያውም በየጊዜው ይከተለው።