የራቁት ጭፈራ ቤቶች ሕግ ማንን ይጠብቃል?

የራቁት ጭፈራ የሚታይባቸው የምሽት ቤቶች ይፈቀዱ ወይስ ይከልከሉ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ያከራክራል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሥነ ምግባር ዙሪያ ይካሄድ እንጂ፣ የወጡት ሕጎች ሲነበቡ የሚለያዩት በሌላ ነገር ነው፤ ከባለቤቱ፣ ከጎረቤቱና ከጨፋሪዋ መካከል ቀድመው የሚመለከቱት ማንን እንደሆነ።

አይስላንድ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀችው ማሻሻያ፣ የምግብና የመጠጥ ቤቶች የራቁት ትርዒት እንዳያቀርቡ፣ ከሠራተኞቻቸው እርቃንም እንዳይነግዱ ከልክላለች። በእኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 634 በሌላ ሰው ዝሙት ወይም ብልግና መተዳደርን ልማድ ያደረገውን ይቀጣል። ሁለቱም ጣታቸውን የሚቀስሩት በአትራፊው ላይ ነው። ሆኖም የአይስላንዱ ድንጋጌ ቤቱ ሲዘጋ ጨፋሪዋ በምን እንደምትተዳደር የሚለው የለም።

እንግሊዝና ዌልስ ሥልጣኑን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ሰጥተዋል። በ2009 የወጣውን ሕግ የተቀበለ ምክር ቤት የሚሰጠው ፈቃድ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ይጸናል፤ ነዋሪው ይቃወማል፤ ምክር ቤቱ የቤቶቹን ቁጥር እስከ ዜሮ ሊያወርድ ይችላል። ይሁንና በ12 ወራት ከ11 ጊዜ በማይበልጥ ትርዒቱን አልፎ አልፎ የሚያቀርብ ቤት ይህ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሰፊ ቀዳዳ ነው። በስኮትላንድ የኤድንብራ ከተማ ምክር ቤት በ2022 ቁጥሩ ዜሮ እንዲሆን ቢወስን፣ የጨፋሪዎቹ ማኅበር ጭምር ተከራክሮ፣ ፍርድ ቤት በ2023 ውሳኔውን ሕገ ወጥ ብሎታል።

በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራቁት ጭፈራን በመጠኑም ቢሆን በሐሳብ መግለጽ ነፃነት ሥር ስለሚያየው፣ ከተሞች ሲቆጣጠሩ የኖሩት በአብዛኛው ቦታን ነው። የዋሽንግተን ግዛቷ ሬንተን ከተማ የአዋቂዎች ሲኒማ ቤቶችን ከመኖሪያ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከትምህርት ቤት 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ ያራቀችበትን ደንብ ፍርድ ቤቱ በ1986 አጽንቶታል። ይህ ለጎረቤት ይጠቅማል፤ ከበሩ ወዲያ ስላለው ግን ዝም ይላል።

በዚያችው ግዛት በ2024 የወጣው ሕግ የሚጀምረው ከበሩ ወዲያ ነው። ጨፋሪዋ በብዙ ቤቶች ደመወዝተኛ አይደለችም፤ እንዲያውም ለመድረኩ ኪራይ የምትከፍለው እርሷ ናት። ገበያ በቀዘቀዘበት ሌሊት ያልከፈለችው ሂሳብ ለነገ ዕዳ ሆኖ ይሻገርባት ነበር። በገበሬ አነጋገር፣ አዝመራው ሳይታይ ግብሩ የተቆረጠባት ጭሰኛ ነበረች ማለት ይቻላል። አዲሱ ሕግ ኪራዩ ለስምንት ሰዓት ፈረቃ ከ150 ዶላር ወይም ከገቢዋ 30 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ ገድቧል፤ ዕዳውም እንዳይሻገር ከልክሏል። የጥበቃ ሠራተኛና የአደጋ ጥሪ ቁልፍም ግዴታ ሆነዋል። ቤቶቹ በአንጻሩ ተከልክለው የኖሩትን መጠጥ በፈቃድ መሸጥ ተፈቅዶላቸዋል። ለሕጉ መውጣት ለዓመታት የወተወቱት ራሳቸው ጨፋሪዎቹ ናቸው።